ኋላ ያሉትን ማሳለፍ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአምሐ አንዳርጋቸው፣
ናይሮቢ

በሰው አገር የሚያኖርህ አምላክ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርህ፤ የጎረስኸው ይስማማህ፤ የያዝኸው ይባረክልህ። እኛ ሁላችን በሕይወት አለን። እናትህ እትዬ የሺመቤት ክረምቱን ጉልበቷን አሟት ተኝታ ነበር፤ አሁን ተነሥታ ገበያ ትወጣለች። ለአባትህ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የምትሠራውን ሹራብ ዘንድሮም አድርሳለች። አመድማ ነው፤ አንገቱና እጅጌው ላይ ቡናማ ክፈፍ አለው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጌ ልኬላታለሁ። ስለ አባትህ ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር አልሰማንም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሥራዬ ነው። አባትህ ከፋብሪካው ፈረንጆች ጋር፣ ፈረንጆቹ ከሄዱ በኋላም ብቻቸውን ይጫወቱበት የነበረውን የሐይቁን ዳር የጎልፍ ሜዳ ታስታውሳለህ። እኔን ሣር አጫጅና ደንብ አስከባሪ አድርገው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ነበሩ። ሜዳው አምስት ዓመት ያህል ከብት ሲውልበት ቆይቶ ዘንድሮ መስከረም ላይ ተከፈተ። አንድ ሻለቃ ወደ ከተማችን ተዛውሮ መጥቷል፤ ጨዋታውን ውጭ አገር ተምሮታል። ከሦስት የውጭ ባለሙያዎች ጋር እሑድ እሑድ ይጫወታል። ደንቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔ ተጠራሁ። ስድስቱንም ጉድጓድ ጠርጌ ባንዲራ ተክያለሁ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣሩን ስለሚረግጠው ኳሷ ኮቴው ውስጥ ትገባለች እንጂ ሜዳው መልካም ነው።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ከነሻለቃው ፊት አንድ ሰው ብቻውን ይጫወታል። ማን እንዳስገባው አላወቅሁም። በጣም ያዘግማል። አራቱ ቆመው ይጠብቁታል፤ እሱ ግን ዞሮም አያያቸው፣ ፈቀቅ ብሎም አያሳልፋቸው። ሻለቃው በእኔ ይቆጣል። አንተ የምትሠራበት ሜዳ ትልቅ ነውና ቀርፋፋ ተጫዋች ሲገጥማችሁ ምን እንደምታደርጉ ጻፍልኝ። ጥቂት ያረጁ ኳሶችም ብታገኝ ላክልኝ።

አጎትህ ክንዱ

———

ናይሮቢ፣ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ይድረስ። ምርቃትዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እዚህ የሚመርቀኝ ሰው የለም። እኔ ደህና ነኝ። ፖስታዎ ተከፍቶ በሌላ ሙጫ ተለጥፎ ነው የደረሰኝ፤ እንዲያው እንዲያውቁት ነው።

ያሉኝ ነገር የኔ የዕለት እንጀራ ስለሆነ ሳቅኩ። እዚህ ማርሻል ይሉኛል። ጠዋት ብስክሌት ይሰጡኛል፤ ሜዳውን ስዞር እውልና የሚያዘግሙትን አፋጥናለሁ። ዳኞች አሉ፣ የባንክ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ፈጣን ነኝ ባይ ነው። ቀርፋፋ እኔ ነኝ ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደንቡ ቀላል ነው። የተጫዋች ቦታ ከፊቱ ካለው ቡድን ጀርባ ነው። ከፊቱ አንድ ሙሉ ጉድጓድ ባዶ ከሆነና ኋላው ሰው ከቆመ፣ ጥፋቱ የሱ ነው። ኳስ የጠፋበት ሰው አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከዚያ ይተዋታል። ኋላው ሰው ካለ ግን አምስቱ ደቂቃ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ወደ ጎን ፈቀቅ ይልና እጁን አንሥቶ እለፉ ይላል። እነሱ እስኪርቁ ድረስ ዱላውን አያነሣም። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ እርስዎንም ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ ለምን እኔን እንደጠየቁኝ አልገባኝም።

ሰውዬው ማን ነው? በከተማው ጎልፍ የሚያውቅ ሰው ቢቆጠር ስንት ይሆናል?

ኳሶቹን በሌላ ጥቅል ልኬያለሁ። ስለ አባቴ የሚያውቁትን ይጻፉልኝ። አጭርም ቢሆን ግድ የለም።

ልጅዎ አምሐ

———

ባሕር ዳር፣ ጥር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሐ፣

የልደቱ ጌታ ዓመቱን የጤና ያድርግልህ። ኳሶቹ ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እናትህ ደህና ናት። ስለ አባትህ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ።

ደንቡ አልጠፋኝም። የጠየቅሁህ አንዳንድ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ልብ ስለሚያረጋጋ ነው።

ከገና ቀጥሎ በነበረው እሑድ ሻለቃው፣ «ሂድና ሰውዬውን አፍጥነው፤ እምቢ ካለ አስወጣው» አለኝ። ሄድሁ። ሁለተኛው ጉድጓድ ጋ ነበር። እኔ ሁለተኛው ጋ ስደርስ እሱ ሦስተኛው ላይ ነው። ሮጥሁ። ስሮጥም በመካከላችን ያለው ርቀት ያው ነው፤ እሱ ግን አይሮጥም፤ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ያዘግማል። ጠዋት ስለነበር ሣሩ ጤዛ አዝሏል። ዘወር ብዬ ባይ የእኔ ዱካ ብቻ ነው ያለው።

አራተኛው ጉድጓድ ጋ፣ ደንገሉ ከሚበዛበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ኳስ ሲመቱ ድምፁን ሰማሁት፤ ኳሷን ግን ስትወድቅ አላየኋትም። ከኋላዬ አንደኛው ፈረንጅ አማተበ። እግዚአብሔር የለም ሲል የሰማሁት ሰው ነው። ሻለቃው ሽጉጡን አውጥቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የሐይቁ ወፎች በሙሉ ተነሡ። ሰውዬው አልዞሩም።

ሻለቃው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ «ይህ ሰው ከየት ነው የሚገባው? አጥሩን አጥብቀው» ብሎኝ ሄደ። አጥሩን አጥብቄያለሁ። በማግስቱ ሰኞ ጨዋታ በሌለበት ቀን ብቻዬን ሄጄ ስመለከት፣ እዚያው አራተኛው ጋ ነበሩ።

ለእናትህ ስለዚህ ነገር አትጻፍላት። የፊደል ዓይን ስለሌላት ደብዳቤህን የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ወሬው ይዛመታል።

አጎትህ ክንዱ

———

ናይሮቢ፣ የካቲት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ነበር። አንድ ነገር አየሁበትና ከዚያ ወዲያ ልሠራ አልቻልኩም። መጀመሪያ ስለ ሰውዬው «ነበር፣ ይዞ፣ ያዘግማል» ይላሉ። አራተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ «ቆሙ» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ «ቆመ» አላሉም።

አጎቴ፣ ለማን ነው አንቱ የሚሉት?

ስለ ደንቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። በዚህ ሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። የሚያዘግምን ሰው ከኋላው መጮህ አያፈጥነውም፤ መሮጥም አያፈጥነውም። የሚያዘግም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጠፋበት ነገር አለ። እኔ ብስክሌቴን አስተኝቼ በእግሬ እሄድና ከጎኑ እሆናለሁ። «ጌታዬ፣ ምን ልርዳዎ?» እላለሁ። አብሬው ሣሩን እያየሁ እሄዳለሁ። አንድ ሰው አብሮት ሲፈልግለት ራሱ ይፈጥናል።

እርስዎ ከኋላ ነው የሄዱት። ከጎን ይሂዱ።

አባቴ ከመምታታቸው በፊት ዱላውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ያደርጉ ነበር። ሰውዬው እንዲህ ያደርጋሉ? ምን ለብሰዋል? እባክዎ ለዚህ ብቻ ይመልሱልኝ።

አምሐ

———

ናይሮቢ፣ ሰኔ 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ክንዱ፣

ጤና ይስጥልኝ። የካቲት ላይ ጽፌልዎ አራት ወር ሊሆን ነው። ሚያዝያ ላይ ደግሜ ጽፌ ነበር። መልስ የለም።

እናቴ በጎረቤት ልጅ በሸዋዬ እጅ አጽፋ ልካልኛለች። «አጎትህ ቤቴ መምጣት ትቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ በሌላ በር ይወጣል፤ ተቀያይመን እንደሆነ ጠይቅልኝ» ትላለች። በፖስታ ለመጻፍ የማይመች ነገር ከሆነ ሰው ይፈልጉ። የጨርቅ ነጋዴው ሙሀመድአወል ሞያሌ ድረስ ይመላለሳል፤ ወንድሙ እዚህ ሱቅ አለው።

እጠብቃለሁ።

አምሐ

———

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.
በሙሀመድአወል እጅ

አምሐ፣

የዚህን ደብዳቤ ሰላምታ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። አንብበህ ስትጨርስ ሰላም ልትለኝ ከፈቀድህ ያኔ ሰላም እንባባላለን።

አዎን፣ ዱላውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ያደርጋሉ።

ግንቦት 1970 አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባትህ እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ይጫወቱ ነበር። አራት ሰዎች ወደ ጎጆዬ መጡ። አንደኛው የተጫዋች ከረጢት በትከሻው አንግቷል፤ ዱላ ግን አያያዙን አያውቅም። «አማችህ የት ደርሷል?» አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ናቸው አልሁ። ሰዎቹ አባትህ እንዲሮጡ አልፈለጉም። ሜዳው ከደንገሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ደንገል ውስጥ የገባን ሰው ሠራዊት አያወጣውም። «ሂድና ኋላ ያሉት ፈጣኖች ናቸው፣ ቆመህ አሳልፋቸው በለው። አለዚያ አንተንም እህትህንም አብረን እንጭናችኋለን» አሉኝ።

ሄድሁ። አራተኛው ጉድጓድ ጋ ደረስሁባቸው። ከደንገሉ ጥግ አንድ ታንኳ ታስራ አየሁ፤ ውስጧ የስንቅ ከረጢት አለ፤ ባለታንኳውም ተጎንብሶ ተቀምጧል። ያን ቀን ቀስ ብለው የሚጫወቱት ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሲመሽ ሊሻገሩ ነበር።

«ጋሼ፣» አልሁ፣ «ኋላ ያሉት ይፈጥናሉ። ፈቀቅ ብለው ያሳልፏቸው።»

ሰዎቹን አዩ። ታንኳዋን አዩ። እኔን አዩኝ። ስንት ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። «ደንብ ነው፣ ክንዱ» አሉ። አጠገባችን ወደነበረው ዋንዛ ሥር ፈቀቅ ብለው ቆሙ። እጃቸውንም አነሡላቸው።

ሰዎቹ አላለፉም።

በአራተኛው ቀን ከእስር ቤቱ ጠባቂዎች አንዱ፣ የዱርቤቴ ልጅ ነው፣ መገደላቸውን በጆሮዬ ነገረኝ። የት እንደቀበሯቸው አልነገረኝም። እኔ ለእናትህ፣ «ወደ አዲስ አበባ አዛውረዋቸዋል፤ ልብስ ይገባላቸዋል» አልኋት። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ዛሬም አላውቅም። አፌ ውስጥ የተገኘው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ ሹራብ ትሰጠኛለች። አምስቱም ሣጥኔ ውስጥ አሉ። ቁልፉ በአንገቴ ነው።

ምን ለብሰዋል ብለህ ጠይቀኸኛል። አመድማ ሹራብ ለብሰዋል፤ አንገቱና እጅጌው ላይ ቡናማ ክፈፍ አለው። ዘንድሮ መስከረም የተሠራው ነው። በሕይወት ሳሉ አላዩትም። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ቤቴ ሮጬ ሣጥኑን ከፈትሁ፤ ሹራቡ እንደታጠፈ ነበር። ያለማጋነን ነው የምነግርህ፣ እጅጌው ላይ የደንገል ፍሬ ተጣብቆ ነበር።

እንዳልኸኝ ከጎን ሄድሁ። ሐምሌ ላይ ነው፤ ሰኞ ነበር፤ ካፊያ ነበር። በዚህ ጊዜ አልራቁኝም። ከጎናቸው ሆንሁና፣ «ጋሼ፣ ምን ልርዳዎ?» አልሁ። ሣሩን በዱላው ይገልጡ ነበር። አብሬያቸው ሣሩን እየገለጥሁ ጥቂት ሄድን። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርሁም። እጃቸውን ግን አየሁት፤ ያው የጋብቻ ቀለበታቸው አለ።

አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ኋላ ያሉት ደረሱ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ማንም የለም» አልኋቸው።

አላመኑኝም።

ክንዱ

———

ናይሮቢ፣ ኅዳር 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአቶ ክንዱ፣

ደብዳቤዎ መስከረም መጨረሻ ላይ ደርሶኛል። ሳልመልስልዎ ከአንድ ወር በላይ ቆየሁ። ሥራዬን አልተውኩም፤ በብስክሌት እዞራለሁ፤ ሰዎችን ግን ማፋጠን አልቻልኩም። አንድ ሽማግሌ ኳስ ጠፍቶባቸው ኋላቸው ሦስት ቡድን ቆሞ ሳለ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። አለቃዬ ዕረፍት ሰጠኝ።

አልረግምዎትም። ይቅር ብያለሁ ብዬም አልጽፍም፤ ይህ የኔ ብቻ አይደለም። እናቴ ስድስተኛውን ሹራብ ጨርሳ ሰጥታዎት ይሆናል። በእሷ ቦታ ሆነው ያስቡት፦ ባሏ ከሞቱ አምስት ዓመት አልፎ ጥቁር አልለበሰችም፤ በዓል ሲመጣ የሳቸውን ሣህን ታወጣለች።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ራስዎ ይንገሯት። በሰው አይላኩባት፤ በንስሐ አባትም አይሁን። በራስዎ አፍ። ሣጥኑንም ይዘውላት ይሂዱ።

እኔ ወደ አገሬ ልመጣ ነው። የሚሆነው ይሁን። አባቴ የቆሙበትን ቦታ ማየት አለብኝ። ከፋሲካ በፊት በሞያሌ በኩል እገባለሁ። ለማንም አይንገሩ፤ ለእሷ ግን ይንገሯት።

አምሐ አንዳርጋቸው

———

ባሕር ዳር፣ ጥር 25 ቀን 1976 ዓ.ም.
በሙሀመድአወል እጅ

ለልጄ ለአምሐ፣

ነገርኋት።

በጥምቀት ማግስት ነው። ሣጥኑን ተሸክሜ ገባሁና ፊቷ አስቀምጬ ከፈትሁት። ስድስት ሹራብ ነው። እኔ ቆሜ ነገርኋት፤ እሷ ተቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ አንዱን አንሥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ ሌላውንም፤ ሁሉንም።

«ሹራቡን ስሰጥህ፣» አለች፣ «አንድ ዓመት እንኳ ይሰፋቸው ይሆን ወይስ ይጠባቸው ብለህ አልጠየቅኸኝም። እስር ቤት ያለ ሰው ይከሳል። እኔም መጠኑን አልቀነስሁም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር።»

ያን ለት ከቤቷ ውጣ አላለችኝም፤ ተቀመጥም አላለችኝም። በር ላይ ቆሜ መሸ።

ለቅሶ በግልጽ መቀመጥ አልተቻለም። አባ ፅጌ ማርያም በጧት ቤቷ መጥተው ፍትሐት አደረሱላቸው። በርና መስኮት ዘግተን ሰባት ሰዎች ሆነን አለቀስን። እኔን ከማድ ቤቱ ደጃፍ አስቀመጠችኝ። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ውሃ አመጣችልኝ።

በሳምንቱ፣ «የቆሙበትን አሳየኝ» አለችኝ። ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይዣት ሄድሁ። ጉልበቷ ስለሚያማት ቀስ ብለን ነው የሄድነው። አራተኛው ጋ ማንም አልነበረም። ዋንዛውን በጣቴ አሳየኋት። ሥሩ ሄዳ ቆመችና፣ «አንተ ሂድ» አለችኝ። እምቢ ብል፣ «ሂድ አልሁህ» አለች። አጥሩ ጋ ደርሼ ዞር ብል ሁለት ሆነው ቆመው ነበር። እሷ ትናገራለች። እሳቸው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። እኔ አልተጠጋሁም።

ሊጨልም ሲል ብቻዋን መጣች። ያነባች አትመስልም። ነጠላዋን በጥቁር ለውጣ ስታበቃ እጄን ይዛ፣ «ብዕርህን አምጣና ተቀመጥ፤ ለልጄ ቃሌን ጻፍ» አለችኝ። «ለአምሐ ለመጻፍ እጄ አይችልም» አልሁ። «ይቻልሃል» አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርሁበትም።

*አምሐ ልጄ፣ እናትህ ነኝ። አባትህን አየኋቸው። ከስተዋል፤ ጸጉራቸው ግን አልሸበተም፤ እኔ ሸብቼ አፈርሁ። እቤት ይግቡ አልኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ቤቱ ነገርኋቸው፤ ስለ ጉልበቴም ነገርኋቸው። ከዚያ አንተን ጠየቁኝ። ያለው ናይሮቢ ነው፣ ለፋሲካ ሊመጣ ነው አልኋቸው። ሐይቁን አዩ። ኋላ ግን ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ይቀዘቅዛል። «ሰዎቹ ገና ሜዳው ላይ ናቸው። አይምጣ በይው» አሉኝ። እሺ አልሁ። ልጄ፣ ማንም አስገድዶኝ አይደለም የምልህ፤ አጎትህም አላስጻፈኝም፤ እሱ እያለቀሰ ወረቀቱን እያረጠበብኝ ነው። እኔ ራሴ የምልህ ነው። ዓይንህን ሳላይ ልሙት። አትምጣ።*